ሕመምተኛ ለሕመምተኛ
ከዝሆኔ ጋር ስለ መኖርና ሕመምተኞች እርስ በርስ ስለሚደጋገፉበት መንገድ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



በእኛ አገር የታመመ ሰው ይጠየቃል። ጎረቤቱ እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፣ ዘመዱ ከሩቅ ይመጣል፣ የዕድሩ ሰው ይመጣል። «እግዜር ይማርህ» ብሎ፣ ትንሽ አጫውቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሌላው ይተካል። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ነገር ግን ጥየቃችን የተሠራው መጨረሻ ላለው ሕመም ነው። ወባ የያዘው ሰው በሳምንት ውስጥ ይለይለታል፤ እግሩ የተሰበረም በጥቂት ወራት ይጠገናል። ከሰባት ዓመት በፊት ስኳር የያዘውን ሰው ግን ዛሬ ማን ሊጠይቀው ይሄዳል? ደም ግፊት ያለባትን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ አስም የሚያሠቃያትንስ? ሕመሙ አላለቀም፤ ጥየቃው ግን ካለቀ ቆየ። ጎረቤት ጨክኖ አይደለም። «ዛሬስ እንዴት አደርክ?» ቢለው መልሱ የትናንቱ ነው፤ የዛሬ ዓመትም ያው ነው። ምን ይበለው?

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ጥየቃው ካበቃ በኋላ ስላለው ረጅም ጊዜ ነው። የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ዕድሜ ልክ አብሮ በሚኖር ሕመም ላይ፣ ያው ሕመም ያለበት ሌላ ሰው የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። ሐኪም ያዘዘው ነገር በገጠር ቤት፣ በአንድ ጄሪካን ውሃ፣ ከእርሻና ከልጆች ጋር በየቀኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ እውቀት በጤና ጣቢያ ወረቀት ላይ አይገኝም። እኛ የጤና ባለሙያዎችም ብዙውን ጊዜ ይህ እውቀት የለንም።

በጥቅሉ ብናገር ግን ማንንም አልጠቅምም። ስለዚህ አንድ ሕመም ይዤ እገባለሁ፤ በደጋው አገራችን ብዙ ሰው የሚያየውን፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚናገርለትን ዝሆኔን።

ዝሆኔ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃት አገር የሚገኝ፣ በትንኝ ንክሻ ከሚገባ ትል የሚመጣ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ዛሬ የማነሣው፣ ትልም ትንኝም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም ከቶ አይተላለፍም። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። መነሻው አፈር ነው። ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ ሸክላ አፈር አለ። ይህን አፈር ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ሲረግጠው፣ ሲያርስበት፣ ውሃ ሲቀዳበት ኖሮ፣ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው አልፈው ይገባሉ። ሰውነት እነዚህን ቅንጣቶች ሲታገል የእግር የሊምፍ ቧንቧዎች ይቆጣሉ፣ እየጠበቡም ሄደው ይደፈናሉ። ወደ ላይ መመለስ የነበረበት ፈሳሽ እግር ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ እግሩ ማታ ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ይጎድላል። ቆይቶ ጠዋትም አይጎድልም። ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል፣ ጉጥ ጉጥ ያወጣል፤ በጣቶቹ መካከል እየራሰ ይሸታል። ሕመምተኛው ከእብጠቱ ይልቅ የሚያፍረው በዚህ ሽታ ነው።

አፈሩ መሆኑን ለማረጋገጥ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ተመራማሪዎች ገበያ በገበያ እየዞሩ እግሩ ያበጠ ሰው የበዛው የትኛው አገር እንደሆነ ቆጠሩ። የሕመሙ ካርታና የቀይ አፈሩ ካርታ ገጠመ። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ፣ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባካሄዳቸው ጥናቶች በሕመምተኞች ንፍፊቶች ውስጥ የአፈሩን ቅንጣቶች አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የዝሆኔ ዓይነት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ጋር የመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በኢትዮጵያ ብቻ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕመምተኛ እንዳለ ይገመታል። እንግዲህ አስቡት፤ ይህን ያህል ሕዝብ ነው በየጓዳው ተቀምጦ ብቻዬን ነኝ የሚለው።

ብቻዬን ነኝ የሚለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሰፈር ውስጥ ስለ እግሩ የሚወራውን ያውቃል። እባብ ረግጦ ነው ይሉታል። መተት ነው፣ የአያቱ እርግማን ነው ይሉታል። ይተላለፋል ብሎ ከጎኑ የማይቀመጥ አለ። የከፋው ግን ጋብቻ ላይ ነው፤ ዘሩ ነው ተብሎ የታመመችው ብቻ ሳትሆን ጤነኛ እኅቷም ሳትጠየቅ ትቀራለች። እዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸፍን መናገር አለብኝ። ሕመሙ በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ መብዛቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በወላይታ የተካሄደ የዘረ መል ጥናት ለዚህ አፈር ይበልጥ የሚጋለጡ ሰዎች መኖራቸውን አሳይቷል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው፤ በሽታው አይወረስም። ያው ተጋላጭ ልጅ ከመጀመሪያው ጫማ አድርጎ፣ እግሩን እየታጠበ ካደገ አይታመምም። ጋብቻ የሚያፈርሱ ሽማግሌዎች ይህቺን አንዲት ነገር ቢያውቁ ስንት ቤት ይድን ነበር!

ሕመሙ ዝም ብሎ የሚያብጥም አይደለም፤ በየጊዜው ይነሣል። ብርድ ብርድ ይላል፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ እግሩ እንደ እሳት ይሞቃል። ከዚያ ሰውዬው ለቀናት አልጋ ላይ ይውላል። ይህ የሚሆነው በመኸር ሰሞን ከሆነ አዝመራው ማሳ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከወላይታ የወጣ ጥናት ሕመምተኞቹ መሥራት ከሚችሉበት ጊዜ 45 በመቶውን በሕመሙ ምክንያት እንደሚያጡ አሳይቷል፤ ለዞኑ በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሳራ ነው። ሰነፍ የሚባለው ገበሬ ሰነፍ ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ፤ የንግግሬ ልብ እዚህ ነውና።

የዝሆኔ ሕክምና አብዛኛው በሕመምተኛው እጅ ያለ ነው። እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብ። በሳፋ ውሃ ላይ ጥቂት በረኪና በባለሙያ በተነገረው መጠን ጠብ አድርጎ መዘፍዘፍ። በጣቶች መካከል ጨርሶ እስኪደርቅ ድረስ ማድረቅ። ፈንገስ ካለ ዊትፊልድ ቅባት፣ ቆዳውን የሚያለሰልስ ቫዝሊን። ለሚያስፈልገው በፋሻ መጠቅለል። ተቀምጦ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ሲተኙም ከአልጋው ግርጌ ጡብ ማስገባት። ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። ከዚያም ንጹሕ ካልሲና ጫማ። በዚህ ውስጥ ለሰሚው የሚከብድ ምንም የለም። ችግሩ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ሠርግ ሲሆንም፣ ልቅሶ ሲሆንም፣ ልጅ ሲታመምም መደረግ ያለበት መሆኑ ነው። አንድ ሳምንት የታጠበ አልዳነም፤ ሁለት ወር ታጥቦ የተወ ሰውም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እኛ ጤና ጣቢያ ላይ ይህን ሁሉ በአምስት ደቂቃ እንናገራለን። ውጭ ሰው ተሰልፏል፤ ሕመምተኛዋ «እሺ» ትላለች፤ እኛም ተረዳች ብለን እንጽፋለን። ይህን የምለው የሥራ ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም። አምስቱ ደቂቃ አሥር ቢሆንም የሚጎድለው ነገር አለ።

ምን እንደሚጎድል ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያየሁት አንድ ነገር ያሳየኛል። የእግር እንክብካቤ ቀን ነበር። ከጤና ኬላው ኋላ ከዛፉ ጥላ ሥር ሳፋ ተደርድሯል፤ ሴቶች በአንድ ወገን ወንዶች በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። አንዲት ገና ልጅነት ያልለቀቃት ሴት ልጅ መጀመሪያ ቀኗ ስለሆነ ቀሚሷን እስከ መሬት ለቃ፣ እግሯን ከሥሩ ሰብስባ ተቀምጣለች። ነርሷ እንዴት እንደምትታጠብ ነግራት ወደ ሌላው አለፈች። ልጅቱ አንገቷን ነቀነቀች፤ እግሯን ግን አላወጣችም። አጠገቧ ለብዙ ዓመት ሲታጠቡ የኖሩ ትልቅ ሴት አሉ። የራሳቸውን እግር ከሳፋው አውጥተው በልጅቱ ፊት ዘረጉትና «ንኪው፤ ንኪው ልጄ፤ አያምም» አሏት። ልጅቱ በጣቷ ጫፍ ነካች። ቆዳው ልስልስ ነው፤ ከእብጠቱ የቀረው ትንሽ ነው፤ ምንም አይሸትም። «ያንቺን የሚያህል ነበር። ከዚያም የባሰ ነበር» አሏት።

ልጅቱ ቀሚሷን ሰበሰበች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ልብ ብዬ የተመለከትሁት። እኚሁ ትልቅ ሴት «ነርሷ በጣቶችሽ መካከል አድርቂ ስትልሽ ሰማሽ? በምን ታደርቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ዝም አለች። ያላት አንድ ነጠላ ነው፤ በዚያ እግሯን ልታደርቅ አትችልም። ፎጣ በቤታቸው የለም። ከእኛ አንዳችንም ይህን አልጠየቅናትም። እሳቸውም ከመቀነታቸው ውስጥ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ቁራጭ ጨርቅ አወጡ። በጣቶች መካከል እንዴት እየሳቡ እንደሚያልፉት አሳዩዋት። በየቀኑ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ለሌላ ነገር አትጠቀሚበት አሏት። ቀጥለው መቼ መታጠብ እንደሚሻል ነገሯት፤ ከብት ከገባ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ጎረቤት በማይመጣበት ሰዓት። በረኪና ሲያልቅ ሳሙናና ውሃው ብቻውን እንደሚበቃ፣ መተው ብቻ እንደማይቻል ነገሯት። ብሽሽቷን ካመማት ያን ቀን ገበያ እንዳትሄድ፣ እግሯን ሰቅላ እንድትተኛ ነገሯት። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ትዳር ያወሯት መሰለኝ፤ ያን አልሰማሁም፤ መስማትም አልነበረብኝም።

ሦስት ነገር ነው ያ ሰዓት ለልጅቱ የሰጣት። አንደኛው ማስረጃ ነው፤ የሚሻለው እግር በዓይን ታይቶ በእጅ ተነክቷል። ሐኪም «ይሻልሻል» ሲል የሚያምኑት አሉ፣ የማያምኑትም አሉ፤ የተሻለው እግር ግን ፊታቸው ላይ ነው። ሁለተኛው የአሠራር ብልኃት ነው፤ ጨርቁ፣ ሰዓቱ፣ ውሃው። ሦስተኛው ሐፍረቷን የምትጥልበት ቦታ ነው። እግሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ያወጣችው ሁሉም እንደሷ በሆነበት ቦታ ነው።

ይህን ነገር አውቆ ሥራው ያደረገ ድርጅት በአገራችን አለ። በወላይታ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረውና ዶክተር ናታን ባርሎው የመሠረቱት የሞሲ ፉት ማኅበር፣ ታክመው የተሻላቸውን ሰዎች አሠልጥኖ በየቀበሌው ሌሎችን እንዲያክሙ አደረገ። ትናንት ከጓዳ የማይወጣው ሰው ዛሬ ቦርሳ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። ጫማ መሥራትም ሙያ ሆነ፤ ምክንያቱም ያበጠ እግር ከሱቅ በሚገዛ ጫማ ውስጥ አይገባም፤ በልኩ መሠራት አለበት። ለእግሩ የሚሆነውን ጫማ ያውም ሕመሙን በሚያውቅ ሰው እጅ ሲሠራ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ ቃል ያጥረኛል።

ይሠራል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ፣ በጎጃም የተካሄደ ጥሩ ጥናት አለ። 696 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የእግር እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹ ጥናቱ ሲያበቃ እንዲጀምሩ ተደረገ። ለአንድ ዓመት የሕመሙ መነሣት ተቆጠረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ባልጀመሩት ላይ በአማካይ በዓመት 23.9 ጊዜ፣ በጀመሩት ላይ 19.4 ጊዜ ተነሥቷል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ይኼው ነው?» ይለኛል። አዎ፤ በመጀመሪያው ዓመት ይኼው ነው። ከአምስት አንዱ ያህል መቅረቱ ነው። እኔ ግን ይህን ቁጥር የምወደው እውነቱን ስለሚናገር ነው። እየታጠበ ያለ ሰው ላይም ሕመሙ ብዙ ጊዜ ይነሣል ማለት ነው። ሳሙናውን ገዝቶ፣ ደክሞ፣ ታጥቦ ሳለ በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ሲመጣበት፣ አንድ ሰው ብቻውን ከሆነ «ውሸት ነው» ብሎ ሳፋውን ይጥላል። ያን ቀን አጠገቡ ሊኖር የሚገባው በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ነው። «የኔም መጀመሪያ ላይ እየታጠብሁ ይነሣብኝ ነበር፤ እየራቀ እየራቀ ሄደ» የሚለው ሰው። ይህን እኔ ብለው፣ እግሬ ጤነኛ ነውና፣ ምክር ብቻ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻም፣ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 የቦስተን ከተማ ሐኪም ጆሴፍ ፕራት የሳምባ ነቀርሳ የያዛቸውን ድሆች በየሳምንቱ አንድ ላይ መሰብሰብ ጀመረ። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ነው። ወደ ተራራ ማረፊያ ለመሄድ ገንዘብ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፤ እቤታቸው ንጹሕ አየርና ዕረፍት እንዲያገኙ ያስተምራቸዋል፤ እያንዳንዱ የቀኑን ውሎ በደብተር ይጽፋል፤ ሲሰበሰቡ ያሳያሉ። ፕራት ሰዎቹን የሰበሰበው ለማስተማር እንዲመቸው ነበር። ቆይቶ ግን መሰባሰቡ ራሱ የሚረዳቸው መሆኑን አስተዋለ።

በአገራችን ደግሞ ኤችአይቪን ያየ ሰው ይህን አይረሳም። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ በፊት፣ ሰው ስሙን ለመጥራት በሚፈራበት ዘመን፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው ሰዎች መቅድምንና ተስፋ ጎህን የመሳሰሉ ማኅበራት አቋቁመው በአደባባይ ወጡ። አልጋ ላይ የዋለውን ያገላብጡ፣ ወላጅ ያጣውን ልጅ ይይዙ ነበር። መድኃኒቱ ሲመጣም ሆስፒታሎች ከነሱው መካከል ቀጥረው፣ መድኃኒቱን የጀመረው ሰው እንዳያቋርጥ የሚከታተሉ ሠራተኞች አደረጓቸው። ደመወዝ ተከፈላቸው። እንግዲህ መንግሥት ሕመምተኛን በሕመምተኛነቱ ባለሙያ አድርጎ መቅጠር እንደሚችል አንድ ጊዜ አሳይቷል። ለዝሆኔስ? ለስኳርስ? ኢንሱሊኑን ፍሪጅ በሌለበት ቤት ከሸክላ ገንቦ ውስጥ አቀዝቅዞ ማቆየትን የተማረ ወጣት፣ አዲስ ለታመመው ልጅ ከማንም በላይ ያስተምረዋል። ለኤችአይቪ የውጭ ገንዘብ እንደመጣ አውቃለሁ፤ ለእነዚህ ያን ያህል አልመጣም። ነገር ግን የአንድ ሰው ደመወዝና የሳሙና ዋጋ ከወረዳ በጀት የማይወጣ አይመስለኝም።

የሥጋ ደዌ ታሪካችን ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ዛሬ አለርት በምንለው ሆስፒታል ዙሪያ፣ ለመታከም መጥተው አገራቸው መመለስ ያልቻሉ ሰዎች ሰፈር መሠረቱ። ታክመዋል፤ ግን የሚቀበላቸው አጡ። እርስ በርስ ተጋብተው፣ ተረዳድተው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው ስለ መብታቸው መናገር ጀመሩ። እነሱን አከብራለሁ። ግን የዝሆኔ ሕመምተኞችን ስናሰባስብ ሌላ ሰፈር እንድንመሠርትላቸው አይደለም የምመኘው። በሳፋው ዙሪያ መሰባሰቡ ወደ ዕድሩ፣ ወደ ሰንበቴው፣ ወደ ልጃቸው ሠርግ መመለሻ መንገድ ይሁን። ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር ብቻ የሚኖር ሕመምተኛ አሁንም ተገልሏል።

ሌላም ስጋት አለኝ። ሕመምተኛ ለሕመምተኛ የሚነግረው ሁሉ ትክክል አይደለም። ጉጡን በምላጭ ቁረጠው የሚል አለ፣ በጋለ ብረት ተኩሰው የሚል አለ፣ ያልታወቀ ቅጠል ቀጥቅጦ ቁስል ላይ የሚያስር አለ። በዚህ ሰበብ እግራቸው የመረቀዘባቸውን አይቻለሁ። ስለዚህ በስብስቡ ውስጥ አንድ የጤና ባለሙያ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ መገኘት አለበት፤ ለመቆጣት ሳይሆን ለማረም። ጸበልን በተመለከተ ሰዎች ይጠይቁኛል። ብዙ የዝሆኔ ሕመምተኞች ጸበል ይሄዳሉ፤ እዚያ ከሌላ ሕመምተኛ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቁም አሉ። እግርን ማጠብና ማድረቅ ከጸበል ጋር ጠብ የለውም። ካህናቱ «ስትመለስ እግርህን አድርቅ፣ ጫማህን አድርግ» ቢሉ፣ የእኔ የአንድ ዓመት ስብከት የማይደርስበት ይደርሳል።

መሰብሰቡን የማይወድ ሰውም አለ። ሕመሙን ለማንም ማሳየት የማይሻ፣ በቤቱ በጸጥታ መታጠብ የሚፈልግ ሰው መብቱ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ቤቱ ሄዶ ቢያየው ይበቃዋል።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ይህ ነው። የዕድር ዳኞች፤ በመዝገባችሁ ላይ ያሉትን አባላት አስቡና ከስንት ጊዜ ወዲህ ስብሰባ ላይ ያልታዩትን ለዩ። መዋጮ እየላኩ ራሳቸው የሚቀሩ አሉ። ቤታቸው ሂዱና ከጎናቸው ተቀመጡ፤ አይተላለፍም። ለዝሆኔ ሕመምተኞች በወር አንድ ቀን የዕድሩን ድንኳንና የዕድሩን ሳፋ ብታውሱ፣ ሳሙናውን ራሳቸው አዋጥተው ይገዙታል። የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን፤ በየቀበሌያችሁ እግሩ የተሻለው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አዲስ ሕመምተኛ ስታገኙ ከእሱ ጋር አገናኙ፤ ሲያስተምር የዋለበትንም ቀን ዋጋ ይከፈለው ብላችሁ ጠይቁ። ነጻ ጉልበት አድርገን ከያዝነው እሱም ይደክማል፣ የቤቱ ሥራም ይጎዳል። ሽማግሌዎች፤ ጋብቻ ስትመረምሩ ስለ ዘር የነገርኋችሁን አትርሱ።

ወላጆች ደግሞ ስለ ልጆች ጫማ። በሰሜን አፍሪካ አገሮችና በካናሪ ደሴቶች ይህ ሕመም በአንድ ወቅት ነበር፤ ሰው ሁሉ ጫማ ማድረግ ሲጀምር ጠፋ። መድኃኒት አልተገኘለትም፣ ክትባት አልተሠራለትም፤ ጫማ ብቻ ነው። በእኛ አገር ልጆች ለትምህርት ቤት ጫማ ይደረግላቸዋል፤ እቤት ሲገቡ ግን እንዳያልቅ ተብሎ ይወልቃል፤ ወደ ማሳም ወደ ወንዝም በባዶ እግር ይሄዳሉ። አፈሩ ያለው ደግሞ ማሳው ላይ ነው። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ይልቅ የሕመምተኞቹን ቃል ስሙ። በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ አንድ ጊዜ እንዲናገሩ ርእሰ መምህራን ፍቀዱላቸው። እግራቸውን ለልጆች ለማሳየት ፈቃደኛ የሆኑ አሉ፤ ጠይቄያቸው እሺ ብለውኛል። ከንግግሩ በኋላ ውጭ እቆያለሁ፤ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደምንጀምር ከርእሰ መምህራኑ ጋር ቀን እንቆርጣለን።